የተዳፈነ እሳት

እንግሊዝኛ «አርደር» የሚል ቃል አለው። ሰው ለሚወደው፣ ለሚዋጋለት ወይም ለሚጸልይለት ነገር የሚሰማው የጋለ ስሜት በዚህ ቃል ይጠራል። ቃሉ የላቲን ነው። የወጣበት የላቲን ግስ «ነደደ» ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሕግ ቤት ያቃጠለ ሰው የሚከሰስበት «አርሰን» የተባለው ወንጀልም ከዚያው ግስ የተወለደ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «አርደር» የተሰጠው ሦስት ፍቺ ብቻ ነው። በዚያው መጽሐፍ «ወሰደ» ማለት የሆነው «ቴክ» 134 ፍቺ ስላለው፣ «አርደር» ከእርሱ አጠገብ ሲታይ ድሃ ይመስላል። ገጹን የገለጠ ሰው ሁሉ ሳያየው ቢያልፍ አይፈረድበትም። እኔ ግን የጆንሰንን የእጅ ሥራ አሳየኝ የሚለኝ ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምገልጥለት ይህን ቃል ነው። ምክንያቴም ከሦስቱ ፍቺዎች የመጀመሪያው ነው፤ ከሥሩ ምንም አልተጻፈበትም።

ገጹ በሁለት ዐምድ የተከፈለ ነው። ቃሉ በትልልቅ ፊደል ይቆማል፤ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ የላቲኑ ቃል ከነትርጉሙ ይቀመጣል። ከዚያ ቁጥር 1 ይመጣል፤ ከቁጥሩ ፊት አንዲት ቃል አለች፣ «ሙቀት»። ወዲያው ነጥብ ተደርጎ ወደ ቁጥር 2 ይታለፋል። ሁለተኛው የፍቅር፣ የምኞትና የድፍረት ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ደራሲዎች ተሰልፈው ይመሰክራሉ። ወደ ሦስተኛው ቆይቼ እመለሳለሁ። ለጊዜው ዓይናችንን ከመጀመሪያው ፍቺ ሥር ካለው ባዶ ቦታ ላይ አናንሳ።

ጆንሰን ያለ ምስክር የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ከእርሱ በፊት የነበሩት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃሉን ፈትተው ይሄዱ ነበር። እርሱ ግን ፍቺውን የሚያጸኑ ጥቅሶችን ከታወቁ ደራሲዎች እየለቀመ ከሥሩ አሰፈረ፤ ወደ 114,000 የሚጠጋ ጥቅስ፣ ከ42,000 በላይ ለሆኑ ቃላት። ለንደን ውስጥ ጎፍ ስኩዌር በሚባል ቦታ፣ 17 ቁጥር ቤት፣ ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ተቀምጦ ያነባል። ደህና ዐረፍተ ነገር ሲያገኝ የፈለገውን ቃል በእርሳስ ያሰምርበታል፣ በኅዳጉም ላይ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ከዚያ መጽሐፉ ወደ ጸሐፊዎቹ ይሄዳል። ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ የስኮትላንድ ተወላጆች ናቸው። እነርሱም ያሰመረበትን ዐረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ላይ ይገለብጡለታል። ወረቀቶቹ በፊደል ተራ ይደረደራሉ፣ በፍቺ ይለያያሉ፣ ይለጠፋሉ። ይህን ሁሉ ያነበበው ግራ ዓይኑ ማየት የተሳነው ሊባል የሚችል ሰው ነው።

በ1746 ከመጽሐፍ ነጋዴዎች ጋር ሲዋዋል ሥራውን በሦስት ዓመት እንደሚጨርሰው አስቦ ነበር፤ ዘጠኝ ያህል ፈጀበት። በመካከሉ ሚስቱ ሞተችበት። ከረቂቁ ብዙው በስሕተት በወረቀቱ ፊትና ጀርባ በመጻፉ ለፊደል ለቃሚው አልመች ስላለ፣ በአንድ ገጽ ብቻ ለማስገልበጥ 20 ፓውንድ ከኪሱ እንዳወጣ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ቦዝዌል ይነግረናል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ይህን ያህል የደከመ ሰው አንዱን ፍቺ ባዶ ሲተወው ረስቶ አይደለም።

በመቅድሙ ላይ ነገሩን ራሱ ያነሳዋል። ብዙ ቃላት ቀጥተኛ ትርጉማቸውን ምሳሌያዊው ትርጉም ገፍቶ እንዳስወጣው ይናገርና ለዚህ ምስክር አድርጎ የሚጠራው ይህንኑ «አርደር»ን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ለሚዳሰስ ሙቀት ይጠቀምበት እንደሆነ አላውቅም ይላል። ቢሆንም የቃሉ ሥር እርሱ ስለሆነ፣ ምሳሌ ባይገኝለትም ከፊት አስቀምጬዋለሁ፣ የኋለኞቹ ትርጉሞች ከእርሱ እንዴት እንደወጡ አንባቢ እንዲያይ ብዬ ነው ይላል።

ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእናቴ ምድጃ ይመጣብኛል። እራት ከተበላ በኋላ እሳቱን አታጠፋውም፣ ታዳፍነዋለች። ትርኳሹን ወደ ዳር ታወጣለች፤ ፍሙን በጉልቻዎቹ መካከል ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፤ አመዱን በመዳፏ ጀርባ ዳበስ ዳበስ ታደርገዋለች። እንግዳ ሰው በዚያ ሰዓት ቢገባ ምድጃው ውስጥ እሳት አለ አይልም። ጭስ የለም፣ ብርሃን የለም፣ እጅ ቢቀርብም የሚሰማው ለብታ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ግን ያውቃል፤ በጨለማ ማንም እግሩን እዚያ ላይ አያሳርፍም። ንጋት ላይ አመዱን ገለጥ አድርጋ፣ ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ ስትልበት የቀኑ ምግብ ሁሉ ከዚያች ፍም ይነሣል። የጆንሰን ቁጥር 1 ለእኔ ያ አመድ የለበሰ ፍም ነው። የሚታይ ነገር የለውም፤ ቦታው ግን ተጠብቆለታል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ፣ ፍቅሩም ድፍረቱም፣ ከዚያ የተጫሩ ናቸው።

እንግሊዞችም እሳት ያዳፍኑ ነበር። ሰዓት እላፊን የሚጠሩበት «ከርፊው» የሚለው ቃል ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «እሳት ክደን» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ማታ ደወል ሲሰማ ሰው ምድጃውን ሸፍኖ ይተኛ ነበር። ዛሬ ያንን ቃል ሲሰማ ወታደርና ባዶ መንገድ የሚታየው እንጂ ምድጃ ትዝ የሚለው ማን አለ?

የጆንሰንን ጥበብ ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «ንዴት» የሚለው ቃላችን ይበቃል። ግሱ «ነደደ» ዛሬም በሁለት እግሩ የቆመ ነው፤ እንጨት ይነዳል፣ ቤት ይነዳል፣ አንጀትም ይነዳል። ከዚሁ ግስ «ነዳጅ» ወጥቶ መኪና ውስጥ ገብቷል። «ንዳድ» ወጥቶ የቆላ በሽታ ስም ሆኗል። «ንዴት» ግን ከምድጃው ጨርሶ ወጥቶ ቁጣ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ንዴት ያለበት ሰው ሲባል ጭስ የሚሸተው፣ እንጨት የሚታየው የለም። ነገር ግን ለምን ንዴት «ይበርዳል» እንላለን? ፍሙ አመድ ውስጥ ስላለ ነው።

ከ«ተኮሰ» ላይ ደግሞ እንዴት ያለ ቤተሰብ እንደተገነባ ተመልከቱ። ብረት አግሎ ቁስልን መተኮስ፣ ልብስ በካውያ መተኮስ፣ ጠመንጃ መተኮስ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ትኩስ ወሬ፣ ትኩሳት። እንግሊዝኛም ጠመንጃ ለመተኮስ የሚጠቀምበት «ፋየር» የሚለው ግስ «እሳት» ከሚለው ስም ጋር አንድ ነው፤ በጥንቱ ጠመንጃ ባሩዱን የሚያስነሣው በእጅ የሚቀርብለት የእሳት ክር ነበርና። ቀስት ግን እሳት አይቀርብለትም፤ ስለዚህ የጥንቱ እንግሊዛዊ ቀስተኛ ትእዛዝ ሲሰጠው የሚሰማው «ልቀቅ» የሚል ቃል እንጂ «ፋየር» አልነበረም። በፊልም ላይ ቀስተኞችን በ«ፋየር» የሚያዝ አለቃ ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል።

እዚህ ላይ የቅኔ ሰው «ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» ሊል ይችላል። ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ባለ ቅኔው ሁለቱን ትርጉም አንድ ቃል ውስጥ አስገብቶ ስፌቱ እንዳይታይ ያደርጋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ደግሞ ስፌቱን ፈትቶ፣ ይኸኛው ጨርቅ የት ላይ እንደጀመረ፣ ያኛው የት ላይ እንደተቀጠለ ያሳያል፤ ያውም ጨርቁን ሳይቀድ። ሁለተኛው ሥራ ጭብጨባ የለውም። የእኛም ሊቃውንት በዚህ ጭብጨባ በሌለው ሥራ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ትውልድ።

ጆንሰን ስፌቱን እንዴት እንደሚፈታ ገና ከጅምሩ በ1747 ባወጣው ዕቅድ ላይ አሳይቷል። ለምሳሌ ያነሣው «ደረሰ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። ቃሉ በመጀመሪያ መርከበኛ ከባሕር ዳርቻ መድረሱን ይናገር ነበር፤ ቀጥሎ ማንም ወደ ማንኛውም ቦታ መድረሱን፤ በመጨረሻም ሰው የተመኘው ማዕረግ ላይ መድረሱን። ከውኃ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ሐሳብ። አንዱን ደረጃ ቢዘል ቀጣዩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ለ«አርደር» የተቀመጠው ባዶ ፍቺም ያ የታችኛው ደረጃ ነው።

ይህ አካሄድ ነቀፋ አያጣም፤ ነቀፋውም ከባድ ነው። ከጆንሰን መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ በለንደን የቋንቋ ጥናት ማኅበር የተጠነሰሰውና በ1928 የተፈጸመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሌላ ሥርዓት ተከተለ። ጥቅሶቹን በዓመተ ምሕረት ደርድሮ ቃሉ ራሱ የሕይወት ታሪኩን እንዲናገር አደረገ። እንዲህ ሲደረግ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የተወሰዱ ብዙ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ የገቡት የልብ ትርጉማቸውን ይዘው እንደሆነ ይታያል። «አርደር»ም የደሴቲቱን መሬት የረገጠው እንደ ምድጃ ሙቀት ሳይሆን እንደ ምኞት ሙቀት ነበር፤ በዚያን ጊዜም ብዙውን ለክፉ ምኞት ይነገር ነበር፣ ወደ በጎው የተሻገረው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጆንሰን ያስቀደመው ፍቺ በእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ ቀዳሚ አልነበረም የሚል ሰው እውነት አለው።

እኔ ግን አሁንም ለጆንሰን እቆማለሁ። እርሱ የቃሉን የጉዞ ማኅተም አልቆጠረም፤ የቃሉን ጠባይ ነው ያሳየው። አንድ እንግሊዛዊ ወታደር ስለ ድፍረቱ «አርደር» ሲባልለት፣ ሌላው ስለ ፍቅሩ ያንኑ ቃል ሲባልለት፣ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ሙቀት ነው። ያችን ቃል ከላይ አስቀምጦ ባያልፍ ኖሮ ሁለተኛው ፍቺ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ክፍል ይሆን ነበር። ደግሞም ሐቀኛነቱን ልብ በሉ። ለሙቀት የሚሆን ጥቅስ ቢያጣ ከሁለተኛው ፍቺ ደብዘዝ ያለ አንዱን ወስዶ ቁጥር 1 ሥር መለጠፍ ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን ማን ያውቅበታል? አላደረገውም። የጎደለውን እንደጎደለ አሳየ፣ በመቅድሙም ተናዘዘ። እንጨት ሠሪ ስንጥቅ ያለበትን ሰሌዳ ቀለም ቀብቶ ሲሸጥ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ፍቺ። ጆንሰን እዚህ ላይ የሚነድ ወይም የሚያበራ አካል ራሱ «አርደር» እንደሚባል ይጽፍና፣ ቃሉን እንዲህ አድርጎ የተጠቀመው ባለ ቅኔው ሚልተን ብቻ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» አምስተኛ መጽሐፍ መልአኩ ሩፋኤል ወደ አዳም ሲላክ፣ በዙሪያው ያሉትን ሰማያውያን የጠራቸው በዚህ ስም ነው። ሙቀት አላቸው አላለም፤ እነርሱን ራሳቸውን ሙቀት አላቸው እንጂ። ይህን ያደረገው ለማሳመር ብቻ አይመስለኝም። ሚልተን ዕብራይስጥ ያውቅ ነበር፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ሱራፌል የሚለው ስም ማቃጠል ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። እኛ ማዕጠንት ይዘው በመንበሩ ዙሪያ የቆሙትን ሱራፌልን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እያየን አድገናል፤ ስማቸው ውስጥ እሳት እንዳለ ግን ልጅ ሆኜ የነገረኝ አልነበረም። ሚልተን ያንን የዕብራይስጥ እሳት በላቲን ማንኪያ ቀድቶ እንግሊዝኛ ውስጥ አፈሰሰው።

በጆንሰን ገጽ ላይ የሆነው ነገር ድንቅ የሚሆነው እዚህ ነው። ቁጥር 1 አመድ የለበሰ እሳት፤ ቁጥር 2 የልብ ሙቀት፤ ቁጥር 3 እሳቱ ተመልሶ አካል አግኝቶ፣ ክንፍ አውጥቶ ቆሟል። አንባቢው ከምድጃ ተነሥቶ በሰው ልብ በኩል ወደ ሰማይ ይደርሳል። ጆንሰን ስለዚህ አንድም ቃል አይናገርም፤ ቁጥሮቹን በተራ አስቀምጦ ዝም ይላል። «ሚልተን ብቻ» የሚለው ማስጠንቀቂያም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው፤ የአንድ ሰው ሀብት የሕዝብ ገንዘብ መስሎ እንዳይታይ አጥር ማጠር ነው።

በመቅድሙ ከ«አርደር» ጋር አጣምሮ ያነሣው ሌላው ቃል «ፍሌግራንት» ነው። እርሱም በላቲኑ መንበልበል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ዛሬ ዓይን ያወጣ በደል የሚጠራበት ሆኗል። የሮማ ሕግ ሰዎች ወንጀለኛ በሥራው ላይ እያለ ሲያዝ ወንጀሉ ገና እየነደደ ተያዘ ይሉ ነበር፤ የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛው የሕግ ቃል የመጣው ከዚያ ነው። የእኛ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በእንግሊዝኛው ቅጂ ያንን የእሳት ቃል ይዟል፤ አማርኛችን ግን «እጅ ከፍንጅ» ይለዋል። እነርሱ በነበልባል ያዩትን እኛ በእጅ አየነው።

ጆንሰን ለእኛ ባዕድ ሰው አይደለም። በ1735 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ የሎቦ የሐበሻ ጉዞ ትርጉም ነበር፤ ከፈረንሳይኛው የመለሰው እርሱ ነው። መዝገበ ቃላቱን ከጨረሰ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ የአማራ ተራሮች በከበቡት ሸለቆ ውስጥ የሚኖር የሐበሻ መስፍን ታሪክ ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ስለዚያ መጽሐፍ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከ«ራሴላስ» ይልቅ ያችን የ«አርደር» ቁጥር 1 እመርጣለሁ። አገራችን በ«ራሴላስ» ውስጥ ያለችው በስሟ ነው፤ የሰውዬው ጠባይ ግን ሙሉ በሙሉ ያለው እዚያች ባዶ መስመር ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ተነሣሥቼ ባለፈው ክረምት በጆንሰን አሠራር ለ«ንዴት» አንድ ቁራጭ ወረቀት ጀመርሁ። ቁጥር 1፣ የእንጨት፣ የማገዶ መንደድ። ቁጥር 2፣ ቁጣ፣ እልህ፣ የአንጀት መቃጠል። ለሁለተኛው ምሳሌ ሞልቶኛል። ለመጀመሪያው አንድ እንኳ በሰው አፍ ያለ አነጋገር ባገኝ ብዬ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ባሕር ዛፍ ፈልጠው የሚሸጡ እናት ዘንድ ሄድሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እንጨቱን ከላስቲኩ ሥር እያወጡ ይከምራሉ።

«እማማ፣ የዚህ እንጨት ንዴቱ እንዴት ነው?» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «የምን ንዴት?»

«ሲነድ ማለቴ ነው።»

«እ፣ አነዳደዱን ነው የምትለኝ ልጄ! አነዳደዱማ ግሩም ነው፤ ደርቋል እኮ፣ ና ያዘው» ብለው አንዱን ፍልጥ እጄ ላይ አኖሩልኝ። ቀላል ነበር፤ ቅርፊቱ ሥር ያለው ገላው ነጭ ሆኖ በቁመቱ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ብሏል። ሁለት እስር ገዝቼ ገባሁ። ማታ ወረቀቱን አውጥቼ ከቁጥር 1 ሥር ምንም ሳልጽፍ ወደ ቦታው መለስሁት።